የኢንካዎች መንገድ፤ ድንጋዩና ሰዎቹ

ስለ ጥንት መንግሥታት ሥራ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ ዐይናችን የሚያርፈው ቆሞ በሚታየው ነገር ላይ ነው፤ በግንቡ፥ በሐውልቱ፥ በቤተ መንግሥቱ። መንገድ ግን በእግር የሚረገጥ ስለ ሆነ ልብ ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የአንድን መንግሥት አሠራር፥ ብርታቱንም ድካሙንም፥ አጥርቶ የሚያሳይ ከመንገዱ የበለጠ ነገር የለም ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ለዚህም ምስክር አድርጌ የማቀርበው በደቡብ አሜሪካ በአንዴስ ተራሮች ላይ ይኖሩ የነበሩት ኢንካዎች የዘረጉትን መንገድ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ሆነ፥ ስለ ግንብና ስለ ቦይ ሲናገር የምሕንድስና ጓደኞቹ በትዕግሥት እንዲያነቡለት ይለምናል። የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ። ላስረዳ የምፈልገው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም መንገድ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ዕቃ ሳይሆን፥ በሚያዝዘውና በሚጠግነው መካከል ያለ ውል መሆኑን ነው። ውሉ ሲጸና ሣር እንኳ ድልድይ ሆኖ ይኖራል፤ ውሉ ሲፈርስ ግን ድንጋይም አያድነውም።

ሀ. አገሩና መንገዱ

ኢንካዎች ከኩስኮ ከተማ ተነሥተው ጎረቤቶቻቸውን በጦርም በድርድርም እያስገበሩ መስፋፋት የጀመሩት በ15ኛው መቶ ዓመት፥ ፓቻኩቲ በተባለው ንጉሥ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ያህል ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ግዛታቸው ዛሬ ኮሎምቢያ፥ ኤኳዶር፥ ፔሩ፥ ቦሊቪያ፥ ቺሊና አርጀንቲና በሚባሉት አገሮች ላይ ተዘረጋ። መንግሥታቸውንም በኬችዋ ቋንቋ «ታዋንቲንሱዩ» ይሉት ነበር፤ አራቱ ክፍሎች በአንድነት ማለት ነው። ወደ አራቱም ክፍሎች የሚሄዱት መንገዶች መነሻቸው የኩስኮ አደባባይ ነበረ።

የመንገዱ ስም «ቃፓቅ ኛን» ይባላል፤ ወደ እኛ ቋንቋ ቢመለስ «የጌታው መንገድ» እንደ ማለት ነው። ዋና ዋናዎቹ መስመሮች ሁለት ነበሩ። አንደኛው በደጋው በተራሮቹ መካከል ከኪቶ ተነሥቶ፥ በኩስኮ በኩል አልፎ፥ ወደ ደቡብ እስከ ዛሬዋ አርጀንቲናና ቺሊ ይደርሳል። ሁለተኛው የፓሲፊክን ውቅያኖስ ዳር ተከትሎ በበረሃው ውስጥ ይሄዳል። እነዚህን ሁለቱን ደግሞ ከቈላ ወደ ደጋ የሚወጡ ብዙ አገናኝ መንገዶች ያያይዟቸዋል። ጠቅላላው ርዝመት በተለምዶ 30,000 ኪሎ ሜትር ይባላል። ብዙ ክፍሎቹን በቦታው እየተዘዋወረ አጥንቶ በ1984 መጽሐፍ ያሳተመው ጆን ሂስሎፕ ግን እስከ 40,000 ኪሎ ሜትር ሊደርስ እንደሚችል ገምቷል። ይህም የምድርን ዙሪያ የሚያህል መሆኑ ነው።

ሁሉንም ኢንካዎች ጀመሩት ማለት ግን አይደለም። ከእነርሱ ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ ዋሪ የሚባሉት ሕዝቦችና ሌሎችም የየራሳቸውን መንገድ አውጥተው ነበር። የኢንካዎች ሥራ ቀድሞ የነበረውን መጠገን፥ ማያያዝና በአንድ ትእዛዝ ሥር ማድረግ ነበረ። ይህም ቢሆን ታላቅ ሥራ ነው፤ ተበታትኖ የነበረውን አንድ ማድረግ አዲስ ከመሥራት የሚቀል አይደለምና።

ለ. የሥራው ጥበብ

የዚህን መንገድ ጥበብ ለመረዳት አስቀድሞ ሠሪዎቹ ያልነበራቸውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ኢንካዎች በመንኰራኵር አይጓጓዙም ነበር። ፈረስም፥ በቅሎም፥ አህያም አልነበራቸውም። የብረት መሣሪያም አያውቁም ነበር። ጭነት የሚሸከምላቸው እንስሳ ከግመል ወገን የሆነው ላማ ብቻ ነበረ፤ እርሱም 30 ኪሎ ግራም ያህል ጭኖ ተራራ ይወጣል እንጂ ሰው አይቀመጥበትም። እንግዲህ መንገዱ የተሠራው ለሰው እግርና ለላማ እግር ነው። ሠረገላ ስላልነበረ ዳገቱን በብዙ ጥምዝ ማለዘብ ግድ አልሆነም፤ ገደሉ ሲበረታ በድንጋይ ደረጃ ቀጥ ብሎ መውጣት ይበቃል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ደረጃ አይተው መንገዱን ያልሠለጠነ ይሉታል። ነገር ግን መንገድ የሚመዘነው በሚሄድበት ፍጥረት ነው፤ ለሚሄድበትም ፍጥረት ፍጹም ነበረ።

በተራራ አገር የመንገድ ዋና ጠላት ውሃ ነው። ዝናብ በወረደ ቍጥር አፈሩን ያጥባል፤ ከላይ ያለውን ያንሸራትታል፤ ከታች ያለውን ይሰረስራል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከመንገዱ በታች የድጋፍ ግንብ ገነቡ፤ ከላይ የሚመጣውን ውሃ የሚሰበስቡ ቦዮች ቈፈሩ፤ ውሃውም መንገዱን ሳይጐዳ እንዲያልፍ በሥሩ በድንጋይ የተሸፈኑ መተላለፊያዎች አበጁለት። ረግረጉ ላይ ሲደርሱ መንገዱን በድንጋይና በአፈር ከፍ አድርገው ደለደሉት። ዝናብ በሚበዛበት ስፍራ ድንጋይ አነጠፉ፤ መሬቱ ደረቅና ጠንካራ በሆነበት ግን ያለ ምክንያት ድንጋይ አላባከኑም። በባሕሩ ዳር በረሃ አሸዋው መንገዱን እንዳይውጠው በግራና በቀኝ የጭቃ ጡብ ግንብ አቆሙ፤ ግንብ በማይቆምበት አሸዋ ላይ ደግሞ መንገደኛው እንዳይጠፋ እንጨት እየተከሉ ምልክት አደረጉለት። ስፋቱም እንደ ቦታው ይለያያል። በገደል አፋፍ አንድ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ በታላላቅ ከተሞች አጠገብ ግን ከ10 ሜትር በላይ ይሰፋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ድልድዩ ነው። ጥልቅ ሸለቆ ሲገጥማቸው ከሣር በተገመደ ገመድ ተንጠልጣይ ድልድይ ይሠሩ ነበር። ሣር በአንድ ክር ደካማ ነው። ክሩ ከክር፥ ገመዱ ከገመድ ጋር ሲጐነጐን ግን የሰው ወገብ የሚያህል ውፍረት አግኝቶ ሠራዊት ያሻግራል። ከእነዚህ ሁሉ ዝነኛው በአፑሪማክ ወንዝ ላይ የነበረው ታላቁ ድልድይ ነው። አሜሪካዊው ተጓዥ ኤፍሬም ስኳየር በ1860ዎቹ ተሻግሮበት ርዝመቱን ሲለካ 45 ሜትር ያህል ሆኖ አግኝቶታል። ልብ እንበል፤ ይህ የሆነው የኢንካዎች መንግሥት ከወደቀ ከ300 ዓመት በኋላ ነው። የሣር ገመድ ግን ጥቂት ዓመታት እንኳ አይቈይም። ታዲያ 300 ዓመት እንዴት ቆየ? ወደዚህ ጥያቄ እንመለሳለን።

ሐ. ማረፊያው፥ ሯጩና ቋጠሮው

መንገዱ ባዶውን የተዘረጋ አልነበረም። በአንድ ቀን መንገድ ያህል ርቀት «ታምቦ» የሚባሉ ማረፊያ ቤቶችና ጐተራዎች ነበሩበት። ከእነዚህ መካከል ትልቁ ምሳሌ በፔሩ ደጋ የሚገኘው ዋኑኮ ፓምፓ ነው። የመሬት ቍፋሮ ሊቃውንት በዚያ ከተማ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ ወደ 500 የሚጠጉ ጐተራዎች ቈጥረዋል። ጐተራዎቹ ብርድና ነፋስ ባለበት ከፍታ ላይ የተሠሩበት ምክንያት እህሉና ድንቹ ሳይበላሽ እንዲቈይ ነው። ሠራዊት ሲያልፍ ከገበሬው ቤት ሳይዘርፍ ከመንግሥቱ ጐተራ ይበላ ነበር።

መልእክት የሚያደርሱት «ቻስኪ» የተባሉ ሯጮች ነበሩ። አንዱ ሯጭ ጥቂት ኪሎ ሜትር በኃይል ሮጦ ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ መቅረቡንም አስቀድሞ በባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተሠራ መለከት ያስታውቃል። በ17ኛው መቶ ዓመት የጻፈው የኢየሱሳውያን ካህን በርናቤ ኮቦ እንደሚለው፥ ሯጮቹ ከሊማ እስከ ኩስኮ ያለውን በሦስት ቀን ይጨርሱት ነበር፤ የስፓኛውያን ፈረሰኛ ፖስታ ግን 12 ወይም 13 ቀን ይፈጅበት ነበር።

ኢንካዎች እኛ የምናውቀው ዓይነት ፊደል አልነበራቸውም። ሒሳባቸውን የሚይዙት «ኪፑ» በሚባል የክር ቋጠሮ ነበር። ከአንድ ወፍራም ክር ላይ ብዙ ክሮች ይንጠለጠላሉ፤ በክሩ ላይ ያለው የቋጠሮ ዓይነትና ቦታ አንዱን፥ አሥሩን፥ መቶውን ያመለክታል። የቋጠሮው ቍጥር በአሥር በአሥር የሚሄድ መሆኑን በ1912 ያስረዳው ሌላንድ ሎክ ነው። በየጐተራው የገባውና የወጣው ሁሉ በዚህ ቋጠሮ ይመዘገብ ነበር።

መ. መንገዱን ማን ሠራው?

እስካሁን የተነገረውን የሰማ ሰው «ኢንካዎች ብልሆች ነበሩ» ብሎ ሊያበቃ ይችላል። የታሪክ ተማሪ ግን አንድ ጥያቄ መጨመር አለበት፤ ድንጋዩን ማን ተሸከመው?

መልሱ «ሚታ» የሚባለው ሥርዓት ነው፤ ትርጕሙ ተራ ማለት ነው። በዚያ መንግሥት በገንዘብ የሚከፈል ግብር አልነበረም፤ ግብሩ ጕልበት ነበር። እያንዳንዱ መንደር በተራው ሰው ያወጣል፤ በአገሩ የሚያልፈውን መንገድ ያበጃል፤ ድልድዩን ያድሳል፤ ጐተራውን ይሞላል፤ ሯጭ ያቀርባል። መንግሥቱ በበኩሉ ለሥራ የመጡትን ያበላል፥ ያጠጣል። በዋኑኮ ፓምፓ አደባባይ ዙሪያ በቍፋሮ የተገኘው ብዙ የጋን ስባሪ «ቺቻ» የሚባለው የበቈሎ ጠላ በብዛት ይጠመቅ እንደ ነበር ይመሰክራል። ሠሪው የጌታውን ጠላ ጠጥቶ፥ የጌታውን በቈሎ በልቶ ይሠራል፤ ጌታውም ካላበላ ማዘዝ አይገባውም። ውል ያልሁት ይህን ነው።

ነገር ግን ነገሩን ማሳመር የለብኝም። ይህ በጎረቤት ፈቃድ የሚደረግ ደቦ አልነበረም፤ ግዴታ ነበረ። ተራው ሰው በዚያ መንገድ ላይ ደስ እንዳለው አይሄድም፤ የሚሄደው ሲታዘዝ ነው። ፍራንሲስኮ ፒዛሮን ተከትሎ የመጣው ወንድሙ ኤርናንዶ ፒዛሮ በ1533 በጻፈው ደብዳቤ በትልልቅ ወንዞች ላይ ሁለት ሁለት ድልድይ እንዳየ ይናገራል፤ አንዱ ለሕዝብ፥ አንዱ ለጌቶች። በዚያው መንገድ ያመፁ ሕዝቦች ከርስታቸው እየተነቀሉ ወደ ሩቅ አገር ተወስደው ይሰፍሩ ነበር።

ከዚህም የከፋ አለ። በ1999 በአርጀንቲናና በቺሊ ወሰን በሚገኘው በዩያዪያኮ ተራራ ጫፍ፥ በ6,739 ሜትር ከፍታ፥ የሦስት ሕፃናት አስከሬን ከብርዱ የተነሣ ሳይፈርስ ተገኘ። ለመሥዋዕት የቀረቡ ናቸው። ትልቋ 13 ዓመት ያህል ነበረች። በጠጕሯ ላይ የተደረገው ምርመራ ከመሞቷ አንድ ዓመት ያህል አስቀድሞ ምግቧ ከድኃ ምግብ ወደ ጌቶች ምግብ እንደ ተለወጠ አሳይቷል። እነዚህን ልጆች ከቤታቸው ወደዚያ ጫፍ ያደረሳቸውም መንገድ ያው ነው። እንግዲህ መንገዱን ስናደንቅ ድንጋዩን ብቻ አይተን እንዳንቀር።

ሠ. ውሉ ሲፈርስ

በ1520ዎቹ ንጉሡ ዋይና ቃፓቅ ሲሞት ልጆቹ ዋስካርና አታዋልፓ ስለ ዙፋን ተዋጉ። ጦርነቱ ባለቀ ጊዜ ፍራንሲስኮ ፒዛሮ 168 ሰዎች ይዞ ከባሕሩ ዳር ወደ ካሃማርካ ወጣ፤ ኅዳር 16 ቀን 1532ም አሸናፊውን አታዋልፓን ማረከው። ወደዚያ ያወጣው የኢንካዎች መንገድ ነበር። ወደ ኩስኮ ያደረሰውም እርሱ ነው፤ በመንገድ ላይ የመገበውም የኢንካዎች ጐተራ ነው። ንጉሡ ሠራዊቱን ፈጥኖ ለማድረስ የዘረጋው መንገድ ጠላቱንም ፈጥኖ አደረሰበት።

ኤርናንዶ ፒዛሮ በደብዳቤው አንድ ትንሽ ነገር ይጨምራል። ስፓኛውያኑ ከጐተራ እህልና ላማ ሲወስዱ፥ ጐተራ ጠባቂዎቹ ቋጠሮውን ከአንዱ ቦታ ፈትተው በሌላ ቦታ ይቋጥሩ ነበር። ንጉሣቸው ታስሮ፥ አገራቸው ተይዞ ሳለ ሒሳባቸውን ይጽፉ ነበር ማለት ነው። እንደ ሐውሐ ያሉት፥ ኢንካዎች በግድ ያስገበሯቸው የዋንካ ባላባቶች ደግሞ ለስፓኛውያን አድረው ረዷቸው። ከዓመታት በኋላም ለአዲሶቹ ጌቶች የሰጡትን ሁሉ በቋጠሮ ቈጥረው ሊማ ባለው ፍርድ ቤት ክፍያ ጠየቁ። እነርሱ ውሉ ያለ መስሏቸው ነበር፤ የሰጠ ይቀበላል ብለው።

አዲሶቹ ጌቶች ግን የያዙት የውሉን አንድ ወገን ብቻ ነው። «ሚታ» የሚለውን ስም አልለወጡትም። በ1545 በፖቶሲ የብር ማዕድን ከተገኘ በኋላ፥ በ1570ዎቹ እንደ ራሴው ፍራንሲስኮ ዴ ቶሌዶ በየዓመቱ ከ13,000 የሚበልጡ ሰዎች በተራ ወደ ማዕድኑ እንዲሄዱ ሥርዓት አቆመ። ማዘዙ ቀረ አልተባለም፤ ማብላቱና ማጠጣቱ ግን ቀረ። ከባሕር ማዶ የመጣው በሽታ ሕዝቡን ጨረሰ። የተረፈውም ለግብርና ለስብከት እንዲመች ከየመንደሩ ተነሥቶ በአዲስ ሰፈር ተሰበሰበ። ስለዚህ መንገዱን ይጠግን የነበረው መንደር ባዶ ሆነ። ቦዩን የሚጠርገው ሰው ጠፋ፤ ቦዩ ሲደፈን ውሃው ግንቡን ገፋው፤ ግንቡ ሲናድ መንገዱ ወደ ገደል ወረደ። ለእግር የተሠራውንም ደረጃ የፈረስ ኮቴ ሰባበረው። መንገዱን የገደለው እርጅና አይደለም፤ ባለቤት ማጣት ነው።

ረ. የሣሩ ድልድይ

አሁን ወደ ተውነው ጥያቄ እንመለስ፤ ሣር እንዴት 300 ዓመት ቆየ? ምስጢሩ ሣሩ መቆየቱ አይደለም፤ ሣሩን የሚያድሱት ሰዎች መቆየታቸው ነው። የአፑሪማክ ታላቅ ድልድይ የቆመው በአካባቢው ያሉ መንደሮች በየጊዜው ስላደሱት ነው። ያም ከጊዜ በኋላ ሲተው ወደቀ።

በዚያው ወንዝ ላይ፥ ከኩስኮ በስተ ደቡብ፥ ቀስዋቻካ የሚባል ሌላ የሣር ድልድይ ግን ዛሬም አለ። ርዝመቱ 28 ሜትር ያህል ነው። የአራት መንደር ሰዎች በየዓመቱ በሰኔ ወር ተሰብስበው እንደ ገና ይሠሩታል። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የድርሻውን ቀጭን ገመድ ገምዶ ያመጣል። ይህን ቀጭን ገመድ አብዛኛውን የሚገምዱት ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ደግሞ ቀጭኑን ጐንጕነው ወፍራም ያደርጉታል። ከዚያ የአምናውን ድልድይ ቈርጠው ወደ ወንዙ ይጥሉታል። አራት ወፍራም ገመድ ለመርገጫ፥ ሁለት ለእጅ መያዣ ይወጠራል፤ ሸማኔዎቹም ከሁለቱ ዳር ተነሥተው መካከል ላይ ይገናኛሉ። ሥራው በሦስት ቀን ያልቃል፤ በአራተኛው ቀን ይበላል፥ ይዘፈናል። አጠገቡ መኪና የሚያሻግር የብረት ድልድይ ስላለ ለመሻገር ብቻ ቢሆን ይህ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ። የሚሠሩት አባቶቻቸው ስለ ሠሩትና የዚህ ዓመት ተራ የእነርሱ ስለ ሆነ ነው። ዩኔስኮ ይህን ሥርዓት በ2013፥ ጠቅላላውን የመንገድ መረብ ደግሞ በ2014 በስድስቱ አገሮች ስም በቅርስ መዝገብ አስገብቶታል።

ለነገሬ ማስረጃ የሚሆነኝ ግን ይህ ክብር ሳይሆን በ2021 የደረሰው ነው። በ2020 በዓለም ላይ ከወረደው ወረርሽኝ የተነሣ ሰዎቹ መሰብሰብ ስላልቻሉ ድልድዩ ሳይታደስ ቀረ። በመጋቢት 2021 ተበጥሶ ወደ ወንዙ ወደቀ። ብዙ መቶ ዓመት የኖረው ድልድይ አንድ ተራ ቢታለፍ አልቻለም። በዚያው ዓመት በሰኔ ግን መንደሮቹ በየዳሩ ተሰብስበው ገመዳቸውን አመጡ፤ ድልድዩም እንደ ገና ተዘረጋ።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ይህ ይመስለኛል። አንድ ታላቅ ሥራ ሲታይ ለማድነቅ መቸኰል ቀላል ነው፤ ጨካኝ ነበሩ ብሎ ለመናቅ መቸኰልም እንዲሁ ቀላል ነው። ከሁለቱም በፊት መጠየቅ የሚገባው ግን፥ ሥራውን ማን ሠራው? ሲሠራስ ምን ተቀበለ? ያዘዘው ሲሄድ ሠሪው ሥራውን የራሴ ነው ብሎ ያዘው ወይስ እፎይ ብሎ ተወው? የሚለው ነው። በንጉሥ ትእዛዝ ብቻ የቆመው ድንጋይ ከንጉሡ ጋር ወድቋል። አራት መንደሮች የእኛ ነው ያሉት ሣር ግን በየሰኔው ይገመዳል።